ፊቱን የሚያዞር ልጅ

የመርቲ ወረዳዋ አቦምሳ ገበያ ስትውል ይህን ልብ በሉ። አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈትተው ትንሿን ስልክ ለአንድ ጎረምሳ ይሰጡታል። እሱም ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ይነካና መልሶ እያቀበላቸው፣ «እማማ፣ የሚስጥር ቁጥሩን እርስዎ ይንኩት» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ያቺን ፊት ማዞር እጅግ እወዳታለሁ።

ይህ በስልክ ገንዘብ መላኪያ፣ ቴሌብር፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር እንደዚህ ጎረምሳ ያሉ ልጆች ክፍል ገብተው አልተማሩትም፤ እየነካኩ፣ እየተሳሳቱ፣ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ለመዱት። አገልግሎቱ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ መሥራቱ፣ አፋን ኦሮሞም አማርኛም መቻሉ አግዟቸዋል። ከቅልጥፍናቸው ይልቅ ትዕግሥታቸው ይበልጥብኛል፤ ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁ እንኳ እንደ አዲስ ያስረዳሉ። የአቦምሳ ልጆች፣ እናቶቻችንን ስላላስቸኮላችሁ አመሰግናችኋለሁ።