ያልለመደ ጆሮ አይፍረድ

የእናቱን ወጥ እየበላ ያደገ ሰው የጎረቤቱ ወጥ ጨው ያነሰው ወይም የበዛበት ይመስለዋል። ልኩን የወሰነለት ግን ዕውቀት ሳይሆን ልማድ ነው። የዜማም ነገር እንደዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ እኔ ራሴ የተሳሳትሁትን ለወጣት አንባቢዎቼ ለመንገር ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የአይሁድን የጸሎት ዜማ አስቀድሜ የሰማሁት በአውሮፓ አኳኋን የተዘጋጀውን ነበር። በ1826 በቪየና ምኩራብ ሲመረቅ የዜማ መሪ የሆነው ሰሎሞን ሱልዘር የጥንቱን ዜማ በአራት ድምፅ ለመዘምራን አስማማው። ፍራንዝ ሹበርትም በ1828 ዘጠና ሁለተኛውን መዝሙር በዕብራይስጥ ቃሉ ለእርሱ ደረሰለት። በበርሊን ደግሞ ሉዊስ ሌቫንዶቭስኪ በ1866 ለተከፈተው አዲስ ምኩራብ ኦርጋን የሚያጅበው ዜማ ጻፈ። ይህን ሰምቼ «ጸሎት ማለት ይህ ነው» አልሁ።

ቆይቼ የሶርያ ከተማ የሐለብን አይሁድ ዜማ ሰማሁ። መሪው ከድምፁ መንገድ የሳተ መሰለኝና ሳልጨርሰው ተውሁት። በኋላ ስጠይቅ ግን እነርሱ እንደ ዓረቦች ማቃም በሚባል የዜማ ስልት እንደሚያዜሙ፥ ማቃሙንም በየሰንበቱ ከሚነበበው የኦሪት ክፍል ጋር እንደሚያስማሙት ተረዳሁ። ስሕተት የመሰለኝ ጠባብ የድምፅ እርከን ታስቦበት የተቀመጠ ነበር። የሳተው መሪው ሳይሆን የኔ ጆሮ ነው።

እንግዲህ ሁሉም እኩል ያማረ ነው፥ ነቀፋም አይገባም ማለቴ ነውን? አይደለም። የቪየናው ውበት ምእመኑን ከጸሎተኛነት ወደ ተመልካችነት ሊያወርደው ይችላል። የሐለቡም ከዘፈን የተዋሰው ዜማ ዘፈኑን እያስታወሰ ልብን ሊወስድ ይችላል። በ1818 በሐምቡርግ ኦርጋን ወደ ምኩራብ ሲገባ የተነሣው ጠብም ስለ ሰንበት ሕግ፥ ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ ኀዘንና ቤተ ክርስቲያንን ስለ መምሰል ነበር። ይህ በምክንያት የቆመ ክርክር ነው፤ «ለጆሮዬ አልጣመኝም» ማለት ግን ምክንያት አይባልም። ሊጠየቅ የሚገባው፥ ዜማው ቃሉን ወደ ልብ ያደርሳልን ወይስ የዘማሪውን ጉሮሮ ብቻ ያሳያል የሚለው ነው።

አንድ ጊዜ በኢየሩሳሌም በስግድ በዓል ከአንድ ወጣት ጋር ቆሜ ነበር። ቤተሰቦቹ በ1991 ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ቄሶቹ በግዕዝ እየመሩ፥ ሌሎቹም እየተቀበሉ ሲጸልዩ፥ «ጋሼ፥ ጓደኞቼ ይህ ዜማ አይደለም እያሉ ሲስቁ የአያቴን ጸሎት አፍርበት ነበር» አለኝ። እኔም የሐለቡን ዜማ ሳልጨርስ መተዌን ነገርሁትና፥ «ልጄ፥ የሳቁት ክፉዎች ስለሆኑ ላይሆን ይችላል፤ እንደኔ ሳይለምዱ ፈርደው ነው። አንተ ግን ሳትማረው አትፈር» አልሁት። እርሱም ወደ አያቱ ቀረብ ብሎ መቀበል ጀመረ፤ ቃሉን ግን ገና አያውቀውም ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ «እንዳገሩ ይኖሯል፥ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ይባላል። የሰውን ዜማ ከመንቀፍህ በፊት ሦስት ጊዜ ስማው፤ የራስህንም ሰው ስለ ሳቀበት አትጣለው። በሌሎች ሳቅ የተጣለ ዜማ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ቢፈልጉት አይገኝም።