የ«ራምቦ ቤት» የማን ቤት ነው?

በሐረር ጁገል «ራምቦ ቤት» ወደሚባለው ባለ ፎቅ ቤት የሚመጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ዱካ ፍለጋ ነው የሚመጣው። የቤቱ ዕድሜ ግን ከስሙ ጋር አይገጥምም። ራምቦ ለባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው፤ በ1891 ማርሴይ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ቆሞ የምናየውን ቤት ያሠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ባለቅኔው የኖረበት ቤት ቀድሞ እዚሁ ቦታ ላይ ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን ቢባል እንኳ በሥዕል ያጌጠውን ጣሪያና ባለቀለሙን መስተዋት ራምቦ አላያቸውም። ደግሞስ ሐረር የምታውቀው ራምቦ ግጥም መጻፍ ከተወ ዓመታት ያለፉት፣ ቡናና ቆዳ የሚነግድ ሰው ነበር።

ቀኑን ማረም ቀላል ነው። የሚከብደው ስሙ የጋረደው ታሪክ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማዋን ከያዙ በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች በሐረር ሥር ሰደዱ፤ ከሸቀጣቸው ጋር የቤት አሠራራቸውንም አመጡ። ነባሩ የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ፊቱን ለመንገድ አይሰጥም። መንገደኛ የሚያየው የድንጋይ አጥርና የግቢ በር ነው። ግቢውን አልፎ የዘለቀ እንግዳ ግን በቀይ አፈር የተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ ነደባዎች ያገኛል፤ ማን በየትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጥም ዕድሜና ማዕረግ ይወስናሉ። የሕንዶቹ ቤት በአንጻሩ ፎቁንና የእንጨት በረንዳውን ወደ መንገድ አውጥቶ ራሱን ያሳያል። የተለመደው አሠራር ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ነው፤ ገበያውና ጓዳው የሚለያዩት በአንድ ደረጃ ነው። ሐረሪዎችም ከዚህ አሠራር ወስደው ከራሳቸው ጋር አዋሕደውታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህ በረንዳዎች የከተማዋን ገጽታ መለወጣቸውን ጠቅሷል። በእኔ እይታ ለሐረር ታሪክ ከባለቅኔው ቆይታ ይልቅ የበረንዳው መምጣት ይበልጣል።

በአቅራቢያው ያለው «የራስ ተፈሪ ቤት» ዕጣም ተመሳሳይ ነው። ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1911 ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን በዚያ አሳለፉ ይባላል፤ ቤቱም በዚሁ በእንግዳው ስም ቀረ። ያሠራው ግን እሱንም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ከበሩ በላይ የተቀረጸው የሂንዱዎች አምላክ ጋኔሽ ለዚህ ምስክር ነው። 82 መስጊዶች ባሏት፣ ክርስቲያን ገዥ በተሾመባት ከተማ አንድ ነጋዴ አምላኩን በደጁ ላይ በግልጽ ማስቀረጹ ስለዚያ ዘመን ሐረር የሚነግረን ብዙ ነው፤ የጫጉላው ወሬ ግን ስለ ሙሽሮቹ እንጂ ስለ ከተማዋ አንዳች አይነግረንም።