ጠላሁት ወይስ ጠላኋቸው? አታላይ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ተረትና በዐረብኛ አጭር ልቦለድ

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ በሚዘልቀው የድንበር ቀጠና አማርኛና የሱዳን ዐረብኛ በየገበያውና በየሰሊጥ እርሻው ይገናኛሉ። ሁለቱንም የሚያውቅ አንባቢ የአንዱን ቋንቋ ታሪክ በሌላው ሲተርክ የሚሻገረው የቃላትን ድንበር ብቻ አይደለም። አታላይ ገጸ ባሕርይ ያለበት ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል። አታላይ የሚታመነው በንግግሩና በክብሩ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ ክብርን በግስ ላይ የሚያመለክቱት በተለያየ መንገድ ነው።

በአማርኛ እጅግ አጭሩ የአታላይ ታሪክ በምሳሌያዊ አነጋገር ይገኛል፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ። ጅቡ የተከበረ እንግዳ ለመምሰል ፈልጓል፤ የጠየቀው መቀመጫ ግን ምግቡ ነው። ተራኪው አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመረም። «አለ» የተናጋሪውን ቃል በአንደኛ መደብ እንዳለ ስለሚያቆይ፣ «አንጥፉልኝ» ያለው አንደበት ራሱን ያጋልጣል። ከዚህም በላይ ክብር የጠየቀው ጅብ ከተራኪው ያገኘው «አለ» እንጂ «አሉ» አይደለም። በተረት «አያ ጅቦ» እየተባለ እንኳ ግሱ አይለወጥም። መጠሪያው ያከብረዋል፤ ግሱ ይነፍገዋል።

የጠይብ ሳሊሕ «እፍኝ ተምር» የተቀመጠው ከገዳሪፍ ርቆ፣ በሰሜን ሱዳን የወንዝ ዳር መንደር ነው። አያት ከአርባ ዓመት በፊት ወደ መንደሩ ሲመጡ አንድ ፈዳን መሬት አልነበራቸውም። አሁን የጎረቤታቸው የመስዑድ መሬት ሁለት ሦስተኛው የእሳቸው ሆኗል፤ ቀሪውንም ከመሞታቸው በፊት ለመግዛት ያስባሉ። እሳቸውም እንደ ጅቡ ወደማያውቃቸው አገር የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ውሸት አለመናገራቸው ነው። የሚያታልለው ነጭ ጺማቸው፣ ሶላታቸውና የልጅ ልጃቸው ፍቅር ነው፤ የመስዑድን ድህነትም በስንፍናው ያመካኛሉ።

ዐረብኛው ለአያትም ለመስዑድም አንድ የግስ ቅርጽ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ተራኪው ልጅ ለማን እንደሚያደላ ከግሱ አይታወቅም። አማርኛ ይህን ዝምታ አይፈቅድም። አያት «አሉ»፣ መስዑድ «አለ» እየተባሉ ታሪኩ ቢያልቅ፣ ተርጓሚው መሬቱን ለአያት ፈርዷል። ሁለቱም ከመነሻው «አሉ» ቢባሉ ደግሞ፣ ልጁ ከአያቱ የተዋሰው ንቀት ይጠፋል፤ ኋላ የሚጸጸትበትም ነገር አይኖርም።

የተሻለው አማራጭ በታሪኩ ውስጥ ግሱን ማዞር ነው። ተምሩ ተከፋፍሎ ለመስዑድ አንድም ጆንያ ሳይደርሰው ሲቀር፣ ልጁ ከጉሮሮው እንደሚታረድ በግ ያለ ድምፅ ይሰማል። «አለ» ወደ «አሉ» የሚሻገረው እዚህ ላይ መሆን አለበት። ይህ ለውጥ ለአራሚ የመዛነፍ ስሕተት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ መስዑድን እንደ ሰው ያየበት ቅጽበት ከዚህ የተሻለ ምልክት አያገኝም።

ቀጥሎ ልጁ አያቱን በዚያች ሰዓት እንደ ጠላ ይናገራል። «ጠላሁት» ቢል አያት ከጅቡ ጎን ይቆማሉ፤ ልቦለዱም ወደ ተረት ይመለሳል። «ጠላኋቸው» ቢል ግን ጥላቻና አክብሮት በአንድ ግስ ይታሰራሉ። ሮጦ ሄዶ የበላውን ተምር የሚያስመልሰውን ልጅ የሚገልጸው ይህ ሁለተኛው ነው። የጅቡ ማታለል ሲታወቅ ያበቃል፤ አያት ግን ከታወቁ በኋላም «አሉ» ይባላሉ።