ቅባት ያልጠማው ቆዳ

ሥራ ሊለምድ የመጣው ልጅ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ «ጋሼ፣ ሰገባ በስንት ጊዜው ነው ቅባት የሚቀባው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወስፌዬን አስቀመጥኩ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ከጎረቤቴ ከኮርቻ ሰሪው ጋር ሃያ ዓመት የተሟገትኩት በዚሁ ነው። እሱ ቆዳ ቅባት በጠገበ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል ይላል። እኔ ደግሞ በድርቀት ከሞተው ይልቅ በቅባት የሞተውን ሰገባ ነው አብዝቼ ያየሁት።

ስለ ኮርቻው እውነቱን ነው። ልጓምና የእርካብ ጠፍር ዝናብና የፈረስ ላብ ሲያጥባቸው ይውላል፤ ቀን በቀን ይታጠፋሉ፤ ቅባት ካላገኙ ይሰነጠቃሉ። የሰገባ ሥራ ግን መታጠፍ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ዘይት የጠገበ ሰገባ ይልሞሰሞሳል። ቢላዋው ሊገባ ሲል አፉ ይከደናል፣ ስለቱ መንገድ ይስታል፣ ስፌቱን ይበላል፤ አንድ ቀን ጫፉ ጎኑን ሰንጥቆ ወጥቶ ጭን ያገኛል። ይህን ያየ ሰው ለስላሳ ሰገባ አይወድም።

እጀታ ላይ ሲሆን ይብሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ የአባቱን ጩቤ አመጣልኝ። አባቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ይዘውት የተመለሱት የአሜሪካ ጦር ጩቤ ነው። የዚህ ዓይነቱ እጀታ እንጨት ወይም ቀንድ አይደለም፤ መሐላቸው የተበሳ የቆዳ ቀለበቶች በብረቱ ጭራ ላይ አንድ በአንድ ይሰካሉ፣ ከኋላ በብረት ቆብ ተጨቁነው ይታሰራሉ። የሚይዛቸው መጨናነቃቸው ነው። ሲደርቁ ይኮማተሩና መንቀጫቀጭ ይጀምራሉ። ደንበኛዬ ይህን ሰምቶ ደንግጦ እጀታውን ሦስት ቀን ዘይት ውስጥ ነክሮት ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ጠቁሮ አብጧል፤ በጥፍሬ ስጫነው ምልክቱ እንደ ሊጥ ቀረ፤ ቀለበቶቹ ብረቱ ላይ ይዞራሉ። በለስላሳ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ወረቀቱን በየቀኑ እየቀየርኩ አንድ ወር አቆየሁት። ወረቀቱ መጀመሪያ እንደ ቡና ጠቁሮ ይወጣ ነበር፤ እያደር ቢጫ ሆነ። ከዘይቱ ብዙው ወጣ፣ ጥንካሬው ግን አልተመለሰም። አባትየው በእጃቸው ያለሰለሱት ቅርጽም አብሮ ጠፋ።

እኔም ሳላጠፋ አልተማርኩም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት የሠራሁት ሰገባ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ሻጋታ ነው ብዬ በአልኮል ጠረግኩት፤ በሳምንቱ ተመለሰ። እንደገና ጠረግኩትና፣ ደርቋል ብዬ ቅባት ጨመርኩበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አንድ አዛውንት ጫማ ሰሪ የፀጉር ማድረቂያ ከራቅ አድርገው ያዙበት። ነጩ ነገር ቀልጦ ወደ ቆዳው ገባ። ሻጋታ ደግሞ አይቀልጥም። ራሴ የቀባሁት ሞራ ነበር፣ ቆዳው አልችልም ሲለው በብርዱ ረግቶ ተመልሶ የወጣው።

አሮጌ መጻሕፍት የሚጠብቁ ባለሙያዎችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ከበግ ፀጉር የሚገኝ ስብ፣ ሰምና የአርዝ እንጨት ዘይት የተቀላቀለበት የብሪቲሽ ሙዚየም ቅባት ለብዙ ዓመታት የቆዳ ጥራዝ ሁሉ መድኃኒት ነበር። ኋላ ቆዳውን እንደሚያጠቁር፣ እንደሚያጣብቅና አቧራ እንደሚሰበስብ ስላዩ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ትተውታል። እጅ ላይ ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ የቆየ ቆዳ ችግሩ ድርቀት አይደለም፤ ውስጡ በአሲድ ተበልቶ ነው። ዘይት ዱቄቱን ጭቃ ያደርገዋል እንጂ የተበጠሰውን አይቀጥልም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ልጁ። መጀመሪያ ቢላዋውን አውጣ አልኩት። ሰገባ ለመንገድ እንጂ ለመኝታ አይደለም። በግራር ቅርፊት የለፋ ቆዳ አሲድነት አለው፣ እርጥበትም ይስባል፤ ብረት እዚያ ውስጥ ከከረመ ይዝጋል፣ ቆዳውም ብረቱ በነካው በኩል ይጠቁራል። የናስ ቁልፍ ካለበት ቅባቱ ከናሱ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል፤ እሱን በእንጨት ስንጥር መፋቅ ነው። ከዚያ አቧራውን በብሩሽ ጠርጎ ጥላ ላይ ማናፈስ። የረጠበ ከሆነ እሳት ዳር አይቅረብ፤ እርጥብ ቆዳን ሙቀት ካኮማተረው አይመለስም። ቅባት የምሰጠው ጠርዙን በቀስታ ሳጥፈው ስንጥቅ ካሳየኝ ብቻ ነው፤ ያኔም ከከብት እግር አጥንት የሚወጣውን ዘይት ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ በውጭ በኩል ብቻ። ላዩን ሰም በመዳፍ። ቅቤ ግን በፍጹም፤ ይከረፋል፣ አይጥ ይጠራል።

መዳፍ ሲነሳ አባቴ ይመጣብኛል። ቆዳ አልፊ ነበር። የእምቧዩና የቅርፊቱ ሽታ ቅዳሜ ታጥቦ እሑድም አይለቀውም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ስንት ዓመት አልፎም ሰፈሩ «ፋቂ» ይለው ነበር። ሠርግ ቤት ዳር ላይ ይቀመጣል፤ ሙሽራው የታጠቀው ቀበቶ ግን የእሱ ሥራ ነው። እኔም ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ እጄን እንዳይዘኝ ቀደም ቀደም እል ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

የአባቴ ካራ አሁን እኔ ጋ ነው። እጀታውን በእርጥብ ጥሬ ቆዳ ጠፍሮ ነው ያደረቀው። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ አንቆ ይይዛል፤ ዘይት የጠጣ ቀን ይላላል። ስለዚህ አንድም ቀን ዘይት አላስነካሁትም፤ ጠቁሮ የሚያብረቀርቀው በአባቴ ላብ ነው። አውራ ጣቱ ያጎደጎደው ቦታ ለኔ ጣት ይሰፋል፤ ጠፍር ስቆርጥ ወደ ግራ ጠርዙ አስጠግቼ ነው የምይዘው።

«ልየው፣ ጋሼ?» አለኝ ልጁ። ሰጠሁት። ከመቀበሉ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።