መቀስ ያልነካው ልብስ

የቲያትርና የፊልም ሰዎች የዘመነ መሳፍንት ልብስ ላሠራ ብለው ላሊበላ ሲመጡ፣ ብዙውን ጊዜ በስልካቸው የሚያሳዩኝ የዐፄ ምኒልክን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ዘመን ፎቶግራፍ ነው። ወርቀ ዘቦ ካባ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ተነፋነፍ ሱሪ። አልፈርድባቸውም፤ ከካሜራ በፊት የነበረውን ዘመን ማን በዓይኑ ያውቀዋል? ነገር ግን ዘመነ መሳፍንት እ.ኤ.አ. በ1855 ደጃዝማች ካሳ ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ አብቅቷል። ስለዚህ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሄዳለሁ። ሠዓሊው የጥንቱን ወታደር ሲስል የራሱን ዘመን ልብስ ያለብሰዋል፤ ከእመቤታችን እግር ሥር የወደቀው ተማፃኝ ባለጸጋም ሸማው፣ ጥለቱ፣ የጸጉሩ አሠራር ሳይቀር ይታያል።

ለጎረቤታችን ለየጁ ያ ዘመን የገናናነቱ ዘመን ነበር። እስከ 1825 የገዙት ራስ ጉግሣና ሌሎቹ የየጁ ራሶች፣ ጎንደር ላይ በስም ለተቀመጡት ነገሥታት እንደራሴ ሆነው አገሩን ያዝዙ ነበር። ከ1811 እስከ 1820 በእንግሊዝም ልዑሉ ለታመመው አባቱ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ እንደራሴ ሆኖ ይገዛ ነበር። የእንግሊዝ ወይዛዝርት በዚያን ጊዜ ከህንድ በሚመጣ፣ ወይም የህንዱን አስመስለው በሸመኑት ስስ ነጭ ጥጥ፣ ጡት ሥር የሚታሰር ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ነጭ ጥጥ እዚያም እዚህም አለ። የወንዱን ኮት ግን እዚያ ልብስ ሰፊው በገላው ልክ ቆርጦ ያወጣዋል፤ የኛ ሸማ ከሸማኔው እጅ እንደወጣ ሙሉውን ይቀመጣል። ቅርጹን የሚሰጠው ለባሹ ነው።

ሥራዬን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። አንዱ ኩታ በአሽከሩም በጌታውም ትከሻ ላይ ሊውል ይችላል። አሽከሩ ጌታው ፊት ሲቀርብ ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ጌታው እስከ አፍንጫው ይሸፈናል፤ እኩያው ሲመጣ ገለጥ ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም መስቀልያ ያጣፋል፤ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቱ ያዞራል። ተዋናዩ ይህን ካልተማረ የሰጠሁት ሸማ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ሲራመድ ይንሸራተትበታል፣ ይደነግጣል፣ መርፌ ቁልፍ ይለምነኛል። አልሰጠውም። ሸማ የለበሰ ሰው አንድ እጁ ምንጊዜም ሥራ አለው፤ የሚናው ግማሽ እዚያ እጅ ላይ ነው። ለልምምድ ልብሱን ከቃለ ተውኔቱ ቀድሞ ይውሰድ እላለሁ። ከቻለም ለልደት መጥቶ፣ ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲሉ ሸማው ከትከሻቸው ጋር እንዴት እንደሚወርድና እንደሚነሣ ይይ።

ክሩም የራሱ ጣጣ አለው። በእጅ የተፈተለ ማግ ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ በደጋን ተነድፎ በእንዝርት ሲሾር የፈታይዋ እጅ ይታይበታል፤ ቀለሙም ወደ ወተት ያደላል። የፋብሪካው ክር ከመጠን በላይ ነጭ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ስለዚህ በቅዳሜ ገበያ የሴቶቹን ፈትል እየዞርኩ እለቅማለሁ፤ ዋጋው ቢወደድም ለፊት ረድፍ ተዋንያን አልደራደርበትም። በቀለምም እንዲሁ። የጃኖውን ጥለት ቀዩን ክር የዚያ ዘመን ሸማኔ ከባሕር ማዶ ከመጣ ጨርቅ እየተረተረ ያወጣው ነበር፤ ስለዚህ ቀዩ በቁጠባ ይግባ። የሚያበራ ሐምራዊ ከጠየቁኝ እምቢ እላለሁ፤ እንግሊዛዊው ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ያገኘው በ1856 ነው፣ ዘመኑ ካለፈ በኋላ።

ሌላው የማይዋጥልኝ ሁሉንም ሰው የታጠበ ነጭ ማልበስ ነው። ላስታ ብርድ ነው። እረኛው ደበሎ፣ ገበሬው ባና፣ ወታደሩ የበግ ለምድ ይገባዋል። ድሃው ከሥዕሉ ከጠፋ ጌታውም ጌታ አይመስልም።

የሴት ልብስ ላይ ስደርስ እጄ ያጥራል። ቅርብ የሆነው ማስረጃ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው፦ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው፣ በጥጥ ላይ በሐር የተጠለፈው የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ። አባቷ ደጃዝማች ውቤ ከዘመነ መሳፍንት የመጨረሻዎቹ ታላላቅ መሳፍንት አንዱ ነበሩ፤ እሷ ያደገችው የዚያን ዘመን ልብስ እያየች ነው። የቀሚሱ ፎቶግራፍ የሚያሳየኝ ፊቱን ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው የብብቱን ስፌት፣ የጥልፉን ጀርባ፣ ጠላፊው ክሩን የቋጠረበትን ቦታ ነው። ቀሚሱ ወደ አገሩ ይመለስ ከሚሉት አንዱ ነኝ። እስኪመለስ ድረስ ግን ከእኛ ከባለሙያዎቹ አንዱ ገልብጦ እንዲያየው ይፈቀድለት።