ኮርኒሱን ከመሸፈን በፊት

ሙዚቃ በወጉ ለመስማት ቤቱን የሚያሰናዳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ግድግዳው ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ፣ ግድግዳውን መጋረጃና መጽሐፍ መደርደሪያ ሸፍነውታል፣ መሐሉን ሶፋ ይዞታል፤ ኮርኒሱ ግን ከዳር እስከ ዳር ራቁቱን ነው። ድምፅን ያለ ከልካይ የሚመልሰው ትልቁ ገጽ እሱ ሆኖ ሳለ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ከወለል እስከ ሶሌታ 2.6 ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን እንውሰድ። ስፒከሩም የአድማጩ ጆሮም ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው፣ በመካከላቸው 2.5 ሜትር አለ። ሶሌታውን ነክቶ የሚመለሰው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው 1.56 ሜትር ያህል ይበልጥ ስለሚጓዝ 4.5 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሯችን ይህን ያህል አጭር መዘግየት እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ አይሰማውም፤ ከዋናው ጋር ቀላቅሎ ይቀበለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱን ድምፅ ያጎላሉ፣ አንዳንዱን ያጠፋሉ። በዚህ ክፍል ስሌት የሚጎድለው 110፣ 330 እና 550 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የድምፃዊው ሥጋ ያለው እዚያው ነው። «ዘፋኙ ከሳብኝ» የሚለኝ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ስፒከር ሊቀይር ገንዘብ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ቦታውን ማግኘቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው መስታወት ኮርኒሱ ላይ አስጠግቶ ቀስ እያለ ያንሸራትታል፤ አድማጩ ከወንበሩ ሳይነሳ ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያየበት ነጥብ ድምፁ የሚነጥርበት ነው። ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ። ሥራው ያለው በነዚህ ሁለት ነጥቦች ዙሪያ ነው። ኮርኒሱን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን የሚጣደፍ ሰው ሲገጥመኝ ቆም በል የምለው ለዚህ ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ዋላስ ሳቢን በ1895 የሃርቫርድን የንግግር አዳራሽ ሲመረምር ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች በሌሊት እያስመጣ በቆጠራ ነበር የሠራው፤ ብዙ ትራስ ሲገባ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ለትልቅ አዳራሽ መጠኑ ዋና ነገር ነው። ለሳሎን ግን ከስፋቱ ይልቅ ቦታውና ውፍረቱ ይበልጣሉ።

ውፍረቱን በሚመለከት ገበያው ሰውን ያሳስታል። የሚሸጠው በብዛት ስስ ስፖንጅ ነው፣ በማጣበቂያ ሶሌታው ላይ ይለጠፋል። ድምፅ ማለት የአየር መመላለስ ነው፤ ሶሌታው ጋ ተጠግቶ ግን አየሩ አይንቀሳቀስም፣ በደንብ የሚመላለሰው የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ሲርቅ ነው። ለ1000 ኸርዝ ይህ 8.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ200 ኸርዝ 43 ሳንቲ ሜትር። ስሱ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ በልቶ ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል። ክፍሉን በሱ የሸፈነ ሰው ድምፁ ታፍኖበት ቤዙ ብቻ ሲያጓራ ይቀርበታል። የእንቁላል ካርቶንማ ያንኑም ያህል አይሠራም።

ስፖንጁን የምጠላበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2003 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ 100 ሰዎች፣ በ2013 ብራዚል፣ ሳንታ ማሪያ ውስጥ 242 ሰዎች የሞቱባቸው የምሽት ክበብ ቃጠሎዎች የተነሡት የርችት እሳት ለድምፅ የተለጠፈ ስፖንጅ ሲይዝ ነው። እሳት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ኮርኒስ ደግሞ ላይ ነው። በስፖንጅ ፈንታ የምጠቀምበት ሮክ ዉል (የድንጋይ ሱፍ) ግን ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ አይቀጣጠልም።

ለሶሌታ ቤት የምመርጠው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሮክ ዉል በእንጨት ፍሬም ገብቶ፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከሶሌታው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲንጠለጠል ነው። ክፍተቱ በነፃ የሚገኝ ውፍረት ነው። ከ200 እስከ 250 ኸርዝ ካለው ጀምሮ ወደ ላይ ቁም ነገር ይሠራል፤ 330 እና 550 ይስተካከላሉ። የ110ሩ ጉድለት ከአቅሙ በላይ ነው፣ እሱን የምታገለው ወንበሩንና ስፒከሩን በማንቀሳቀስ ነው። ጨርቁን ስንገዛ አፍ ላይ አድርጎ እፍ ማለት ይበቃል፤ ትንፋሽ ካላለፈ ድምፅም እንደልቡ አያልፍም። ብዙ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታቸው በቀጭን ቢምና በባዶ ብሎኬት የተሠራ ስለሆነ ፊሸሩ ብሎኬቱ ላይ ካረፈ አይታመንም። ቢሙን ፈልጎ መብሳት ግድ ነው፤ ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀል ነገር ነውና።

ችፕውድ ኮርኒስ ያለው ቤት ሌላ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ሞራሌ ላይ የተመታ ስስ ችፕውድ ከበላዩ ባዶ አየር ስላለው በቤዝ ይርገበገባል፣ ሲርገበገብም የቤዙን ጉልበት ይውጣል። ሶሌታ ይህን አያደርግም። ለውበት ብሎ ችፕውዱን ሊያስነቅል ያሰበን ሰው እባክህ ተወው እለዋለሁ። ማድረግ ያለበት በሁለቱ ነጥቦች ላይ ያለውን ችፕውድ ብቻ ቆርጦ አውጥቶ በቦታው አቡጀዲ መወጠር፣ ከላይ ደግሞ ሮክ ዉሉን በወፍራሙ መደርደር ነው። ቤቱ ከፍታ አይቀነስበትም፣ ከታች የሚታየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። አቡጀዲው ቀለም እንዳይቀባ ግን አደራ እላለሁ፤ ቀለም የጨርቁን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከጣሪያው የሚያፈስ ቀዳዳ ካለም መጀመሪያ ይደፈን፣ የረጠበ ሮክ ዉል ለምንም አይሆን። አይጥ ያለበት ቤት ደግሞ ሮክ ዉሉን በወንፊት ሽቦ መክበብ አለበት።

ሥራው ሲያልቅ የምፈትሸው በበገና ነው። የወፍራም አውታር ድምፅ ነው፣ በላዩ ግን ድልድዩ ላይ ያለው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት አለበት። ያልታከመ ሶሌታ ሥር ንዝረቱ ይሻክራል፤ በስፖንጅ በታፈነ ክፍል ደግሞ ንዝረቱ ሞቶ ጉምጉምታው ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ተመጣጥነው ሲሰሙ መሰላሉን አነሣለሁ።

አንድ ቅሬታ ግን በየክረምቱ ይመጣል፤ «ይህን ሁሉ አድርገን ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ሙዚቃው አይሰማም።» ሮክ ዉል ክፍሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ይመጥጣል እንጂ ከውጭ የሚገባውን ለማገድ ብቻውን አይበቃም። ለማገድ ክብደት ያለው፣ ቀዳዳ የሌለው ሽፋን ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዋጋ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ የቡና ሙቀጫ ከላይ ሲደለቅም እንዲሁ ነው፤ ምቱ በሶሌታው ውስጥ አልፎ ግድግዳውንም ስለሚያናውጥ ከታች የሚሰቀል ነገር ብዙ አይፈይድም። ለሙቀጫው ርካሹ መፍትሔ አንድ ቁራጭ ወፍራም ጎማ ይዞ ደረጃውን መውጣትና «እትዬ፣ ይቺን ከሥሩ ያድርጉልኝ» ማለት ነው።