የባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ስያሜና ብልሽት በአማርኛ፦ ሒሳዊ አስተያየት

የሙያ ቃላት ሥራ በአገራችን ስም በመልቀም ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ላይ ያበቃል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የተርጓሚዎች ትልቅ መመኪያ መሆኑን አንክድም፤ ባይኖር ኖሮ የብዙዎቻችን ሥራ በጨለማ መዳሰስ በሆነ ነበር። ሆኖም መነሻው የእንግሊዝኛው ቃል ስለሆነ ጥያቄው ሁልጊዜ «ይህ ነገር በአማርኛ ምን ይባል?» የሚል ነው እንጂ «ባለሙያው ስለዚህ ነገር ሲናገር ምን ይላል?» የሚል አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማሳየት ከመንገድ የማይጠፋውን ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር መርጠናል።

ስለ ሞተር ለመነጋገር ዋጃ የሚናቅ ቦታ አይደለም። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በራያ ቆላ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ካለው ከዚህ ሜዳ የተነሣ መኪና አላማጣን አልፎ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ፣ ኮረም ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከቆላው ሙቀት በቀጥታ ወደ ዳገቱ የሚገባ ሞተር ያለበትን ደዌ ሁሉ በዚያች ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይናዘዛል። ስለዚህም በዚህ መስመር ያሉ ሾፌሮችና መካኒኮች ስለ ሞተር ሕመም የሚናገሩት አማርኛ፣ ትግርኛም እየተቀላቀለበት፣ የበለጸገ ነው።

የክፍሎቹ ስም ግን አማርኛ አይደለም። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማርሚታ በአገሩ ትልቅ ድስት ማለት ነው፤ ካንዴላም ሻማ ነው። የእኛ መካኒክ ድስቱንም ሻማውንም ሳያውቅ ቃሎቹን ወስዶ የራሱ አድርጓቸዋል፤ ይህም በጎ ነው፤ ለሙያ ቃል ከሁሉ የሚሻለው ሌላ ትርጉም የማይጎትት መሆኑ ነውና። በደርግ ዘመን ላዳ ወደ አገራችን በገባች ጊዜ መካኒኩ የመኪናዪቱን ክፍሎች በእነዚሁ ቃላት ጠራቸው። ይህ እንደ ስሕተት ሊቈጠር አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1966 በጣሊያኑ ፊያትና በሶቪየት ኅብረት መካከል በተደረገው ስምምነት በቶግሊያቲ የተተከለው ፋብሪካ ከ1970 ጀምሮ ያወጣት የመጀመሪያዪቱ ላዳ ፊያት 124ን መሠረት ያደረገች ነበረችና፣ ስሞቹ ወደ ዘመዳቸው ተመለሱ ማለት ይቻላል።

ይህችው የመጀመሪያዪቱ ላዳ ለምሳሌ ትመቸናለች። የሞተሯ መግለጫ ሲተረጐም እንዲህ ይላል፤ ሲሊንደሮች 4፣ የሲሊንደሩ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 66 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘት 1,198 ሲሲ፣ ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ 1-3-4-2፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቮላ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር። ቍጥሮቹ ራሳቸውን ይተረጕማሉ፤ ቃላቱ ግን አይተረጕሙም። በአንድ ረቂቅ ትርጉም ላይ የመቀጣጠያው ተራ «የተኩስ ትእዛዝ» ተብሎ አይተናል። በእንግሊዝኛው ተራና ትእዛዝ፣ ማቀጣጠልና መተኮስ አንድ ቃል መሆናቸው ተርጓሚውን አሳሳተው። ይህን ያነበበ መካኒክ ስቆ ያልፋል፤ ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው ከዚያው ገጽ በታች «የቫልቮላ ክፍተት 0.15» ብሎ ጽፎ «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ» የሚለውን መጣሉ ነው። ተርጓሚው ሐረጉን ማስዋቢያ ቢመስለው ነው የጣለው። ክፍተቱ ሞተሩ ሲግል ይለወጣልና፣ ያለ ሁኔታው ቍጥሩ ትርጉም የለውም። ክፍተቱ ጠቦ የቀረ ቫልቮላ በመቀመጫው ላይ በሚገባ አይዘጋም፤ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ሲዘጋ ነበርና ውሎ አድሮ ይቃጠላል።

«የፈረስ ጉልበት» የሚለው ቃል በቃል የተተረጐመ ስያሜ ሥር ሰድዷል፤ ተቃውሞ የለንም። ነገር ግን መግለጫው ላይ የተጻፈው ጉልበት በዝቅተኛ ቦታ ባለ ጥቅጥቅ አየር የተለካ ነው። በኮረም ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ከአንድ አምስተኛ የማያንሰውን ጉልበቱን ያጣል፤ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለም ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛና ጭሱ ይጠቍራል። ሾፌሩ ይህን «ዳገት ላይ ሞተሩ ታፈነ» ይለዋል። ታፈነ! አየር አጣ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ቃል የሚያገኝ ኮሚቴ ያለ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ቅሬታችን ደርሰናል። ስሙ የጣሊያን ሲሆን ግሡ ግን ሙሉ በሙሉ የአማርኛ ነው፤ የሙያ መዝገቦቻችን ደግሞ ግሥ አይለቅሙም። ሞተር ይነሣል፤ እንደ እሳትም ይጠፋል። ዘይት ይጠጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያንኳኳል፣ ያጨሳል። ፋሻው ይበላል፤ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግም ይበላል። ይህ የዘንግ መበላት የላዳ ሞተር የታወቀ ደዌ እንደ ነበረ ይነገራል። «ዘይት ይጠጣል» እና «ውኃ ይጠጣል» ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ፋሻ መበላቱን፣ ጭሱም ወደ ሰማያዊ መድላቱን ይናገራል። ሁለተኛው በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ሊናገር ይችላል፤ ጭሱም ነጭ ይሆናል። በትርጉም ላይ ግን ሁለቱም «ከመጠን ያለፈ የፈሳሽ ፍጆታ» ተብለው ሲቀርቡ አይተናል። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሕመሙን አይለይም፤ የጥገና መጽሐፍ ደግሞ ሕመም ካልለየ ለምን ይጻፋል?

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሙቀት ግሦች ምሳሌ ነው። መዝገብ ሠሪዎች ለእንግሊዝኛው ቃል «ከመጠን በላይ መሞቅ» የሚል ሐረግ ይሰጣሉ። የዋጃ ሾፌር ግን ሦስት ግሥ አለው፤ ሞተር ሞቀ፣ ጋለ፣ ፈላ። መሞቅ በሽታ አይደለም፤ ሞተር ማለዳ ሊሞቅ ይገባዋል። መጋል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሾፌሩ ይቆማል፣ ይጠብቃል። መፍላት ግን በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ በእርግጥ ሲፈላ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ይህ አከፋፈል ከፊዚክስ ጋር ይስማማል። ክዳኑ ጠብቆ በሚዘጋ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ግፊት ስላለበት ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልደረሰ አይፈላም፤ ክዳኑ ጠፍቶ ጨርቅ በተወተፈበት ራዲያተር ውስጥ ግን ኮረም ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ «ሳይግል ፈላ» የሚለው የሾፌር አነጋገር ተቃርኖ አይደለም፤ ክዳኑን ተመልከት ማለት ነው። «ከመጠን በላይ ሞቀ» በሚለው ሐረግ ይህን ዐረፍተ ነገር መናገር አይቻልም።

«ሞተር ወረደ» የሚለውም አለ። በመኪና ሽያጭ ላይ «ሞተሩ ያልወረደ» መባሉ ዋጋ ያስጨምራል። መውረድ ማለት ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ተበታትኖ፣ የተበላው ተለውጦ ዳግመኛ መገጠሙ ነው። አንዳንድ መመሪያዎች «አጠቃላይ እድሳት» ይሉታል። እድሳት ለቤት፣ ለፈቃድ፣ ለውልም ያገለግላል፤ መውረድ በዚህ አገባቡ ለሞተር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የሕዝብ ቃል ሁሉ ይጽደቅ አንልም። በቆላው ቀትር ቆሞ የዋለ ባለ ካርቡራቶር መኪና አልነሣ ሲል ብዙዎች «አየር ያዘ» ይላሉ። ቃሉ ከናፍጣ ሞተር የተወሰደ ነው፤ በዚያ በእውነት አየር በቧንቧው ይገባልና ፈትቶ ማስወጣት ያስፈልጋል። በቤንዚኑ ሞተር ግን የገባ አየር የለም፤ ቤንዚኑ ራሱ በሙቀት ተንኖ ነው ፖምፓው መሳብ ያቃተው። መድኃኒቱ መፍታት ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ ማድረግ ይበቃል። «አየር ያዘ» የሚለውን ሰምቶ በጋለ ሞተር ላይ የቤንዚን ቧንቧ የሚፈታ ሰው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እዚህ ላይ የቃላት ኮሚቴ ሥራ አለው፤ እኛ «ቤንዚኑ ተነነ» የሚለውን ተራ ዐረፍተ ነገር ከማናቸውም የግእዝ ጥምር ስም እንመርጣለን።

የ«ቀበቶ» ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አየር ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ሲበጠስ ሞተሩ ይግላል፤ ሾፌሩም ቆሞ ይለውጠዋል። ቫልቮላዎቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ሌላ ነው፤ በመጀመሪያዪቱ ላዳ ሰንሰለት ነበር፤ በኋለኞቹ ብዙ ሞተሮች የላስቲክ ሆኗል። ይህ ሲበጠስ በአንዳንድ ሞተሮች ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቮላ ይመታዋል፤ ሞተሩም ይወርዳል። ሁለቱንም «ቀበቶ» ያለ ትርጉም «ቀበቶው ሲበጠስ ይለወጥ» ቢል ለመጀመሪያው በቂ ምክር፣ ለሁለተኛው ግን የሞተሩ ጥፋት ነው፤ ይህኛው ሳይበጠስ በኪሎ ሜትር ተቈጥሮ መለወጥ አለበትና። የመኪና መቀመጫ ቀበቶም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን እንዳንዘነጋ። ጋራዡ ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል፤ አንዱ ቺንጊያ፣ ሌላው ታይሚንግ ቤልት። ከሁለት ቋንቋ መቀላወጡ ለጆሮ ደስ ባይልም፣ ልዩነቱን ጠብቆ ማቆየቱ ከማማር ይበልጣል።

የቀረው የአጻጻፉ ነገር ነው። ካርቡራቶር፣ ካርቦራቶር፣ ካርብሬተር፤ ጓርኒሲዮን፣ ጋርኒሲዮን፣ ጋርኔሽን፤ ቫልቮላ፣ ባልቦላ። መዝገብ ፈላጊው አንዱን ቃል በሦስት ፊደል ሥር ሲፈልግ ይውላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለጣሊያንኛው ድምፅ የቀረበውን ጽፈናል፤ ምክንያታችንም ቃሉ የገባበት በር በግልጥ እንዲታይና ከእንግሊዝኛ በኋላ የመጣው ቅርጽ ሁለተኛ መግቢያ እንዳይከፍት ነው። ፍሬን፣ ማርሽና ኮፈን ግን በአማርኛ ጆሮ ተገርዘው ያለቁ ስለሆኑ ወደ ጥንት ቅርጻቸው መመለስ አያስፈልጋቸውም።